“ኮንዶም አያድንም” ላሉት ጸሐፊ፤ ከኮምቦልቻ አንድ መድኃኒት ቤት የተጻፈ ምላሽ

ባለፈው ሐሙስ ማታ መድኃኒት ቤቱን ልዘጋ ስል አንድ የቆዩ ደንበኛዬ ገቡ። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ናቸው። እዚህ ያድሩና በማግስቱ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ይወርዳሉ። ከመውረዳቸው በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገዛሉ፤ ስሙን ግን ጠርተው አያውቁም። ሰው እስኪወጣ ይጠብቁና “እህቴ፣ ያንን ነገር ስጪኝ” ይላሉ። እኔም በጋዜጣ ጠቅልዬ እሰጣቸዋለሁ። ሐሙስ ዕለት አልጠየቁኝም። ስልካቸውን ወደ እኔ ዘርግተው “እስቲ እዪልኝ፤ እውነት ነው እንዴ ይሄ? ላስቲኩ ቀዳዳ ካለው እኔ ምን አደከመኝ?” አሉኝ።

እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፌ አነበብኩት። እርስዎ የጻፉት ነው። ስምዎ ስለሌለበት “እርስዎ” እያልኩ ልቀጥል።

ላላነበባችሁ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ኮንዶም በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ስላለው ቫይረስ ያሳልፋል። ኤች አይ ቪ መድኃኒት ስለተገኘለት እንደ ድሮው አያስፈራም። ጨብጥና ቂጥኝ ቀላል ናቸው፣ ካፕሱል ያጠፋቸዋል። ትዳር የያዘና ጨዋ የሆነ ሰው ይሄ ሁሉ አይመለከተውም። ኮንዶም ማደል ወጣቱን ወደ ዝሙት መጥራት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ኮንዶም የሚጠይቅ ሰው ፍቅረኛውን አያምንም ይላል።

እኔ ከባንኮኒ ኋላ ከቆምኩ 11 ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ አሁን ኮምቦልቻ። ለእያንዳንዱ ነጥብ የምለው አለኝ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ይወቁልኝ። ጽሑፍዎን ያነበቡት ሾፌር ሚሌ ላይ የሚያደርጉትን ለመተው አላሰቡም። ለመተው ያሰቡት ኮንዶሙን ነው። እርስዎ ከኃጢአት አርቃለሁ ብለው ጻፉ፤ የራቀው ግን መከላከያው ነው። ያስጨነቀኝና ሌሊቱን ያስጻፈኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ቀዳዳው ልምጣ። ወሬው አዲስ አይደለም፤ ደሴ ተማሪ ሆኜም ሰምቼዋለሁ። ቫይረሱ በጣም ትንሽ ነው ያሉት ልክ ነው። ስፋቱ የ1 ሚሊ ሜትር 10,000ኛ ገደማ ነው። ግን ቫይረሱ ብቻውን እየበረረ አይሄድም፤ በፈሳሽ ውስጥ ነው የሚጓዘው። ውሃ ደግሞ ከቫይረሱ በመቶዎች እጥፍ ካነሱ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። እስቲ አንድ ኮንዶም ውሃ ሞልተው አንጠልጥለው ይዩት፤ ጠብ አይልም። ፋብሪካውም የሚያደርገው ተመሳሳይ ነገር ነው። እያንዳንዱ ኮንዶም ሳይታሸግ በኤሌክትሪክ ይፈተሻል፤ ቀዳዳ ካለው ኤሌክትሪኩ ስለሚያልፍ ይጣላል። ከየምርቱ ደግሞ ናሙና እየተወሰደ ውሃ ይሞላል፣ እስኪፈነዳ ድረስ በአየር ይነፋል።

እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ተመራማሪዎች የቫይረሱን ያህል ጥቃቅን ቅንጣቶች ሠርተው ላቴክስ ከሚባለው ላስቲክ የተሠራ ኮንዶም ላይ ሞክረው ነበር። አንዳንዶቹ ኮንዶሞች በጣም ጥቂት ፈሳሽ አሳልፈዋል፣ ይህን አልደብቅዎትም። ነገር ግን ከሁሉም የባሰው ኮንዶም እንኳ ምንም ካለመጠቀም 10,000 እጥፍ ይሻል ነበር። እርስዎ “አሳለፈ” የሚለውን ብቻ ይዘው ቢጽፉ ውሸት አልተናገሩም ይሆናል፤ አንባቢው ግን የሚይዘው ውሸት ነው።

የሰው ሕይወት ላይ የታየውን ደግሞ ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የአውሮፓ ጥናት አንዳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ ሌላኛቸው የሌለባቸው ጥንዶችን ተከታትሏል። ሁልጊዜ ኮንዶም የተጠቀሙት 124 ጥንዶች ነበሩ። በድምሩ 15,000 ጊዜ ያህል ግንኙነት አድርገዋል። አንድም ሰው አልተያዘም። አንዳንዴ እየተጠቀሙ አንዳንዴ እየተዉ ከነበሩት 121 ጥንዶች ውስጥ ግን 12 ሰዎች ተያዙ። ላስቲኩ ያው ላስቲክ ነው። ልዩነቱ “ሁልጊዜ” እና “አንዳንዴ” ላይ ነው።

ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲደመሩ ኮንዶምን ሁልጊዜ መጠቀም የኤች አይ ቪን መተላለፍ 80 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 100 በመቶ አይደለም፣ እኔም 100 ነው ብዬ ለማንም ሸጬ አላውቅም። የጎደለው ግን በአብዛኛው ከእኛ እጅ ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ማንም በግልጽ አይነግረንም።

ሾፌሩን “ጋሼ፣ የት ነው የሚያስቀምጡት?” ብዬ ጠየቅኳቸው። “ዳሽቦርዱ ላይ” አሉኝ። ከኮምቦልቻ ወርዶ ሚሌና ሎግያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ መስታወት ሥር ያለ ዳሽቦርድ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ያ ላስቲክ በሙቀቱ ይደክማል፣ ሲለብሱት ሊቀደድ ይችላል። የኋላ ኪስ ውስጥ ቦርሳ ላይ ማክረምም እንዲሁ ነው፤ ሰውነት ያሞቀዋል፣ ሲቀመጡበት ይታሻል። ጥላ ያለበት የልብስ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። ቫዝሊን፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ የሰውነት ሎሽን የሚቀቡም አሉ። ዘይት ነክ ነገር ላቴክስን በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክመዋል፤ ማለስለሻ ካስፈለገ ውሃ ነክ የሆነውን ጠይቁን። ሁለት ደርቦ መልበስ አያጠነክርም፣ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይቀደዳል። በጥርስ አትክፈቱት። ቀኑን እዩ። እሽጉን ጫን ስትሉት ውስጡ አየር ካለው ደህና ነው፤ ካልነፋ ጣሉት። ጫፉን በጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ አየሩን አስወጡ። ከመጀመሪያው ንክኪ በፊት ይለበስ፤ መሃል ላይ የሚለብስ ሰው ኮንዶም ተጠቅሜያለሁ ማለት የለበትም። ሲጨርሱ ብልት ሳይለዝብ ከሥሩ ይዞ መውጣት። ለእያንዳንዱ ግንኙነት አዲስ። በቃ፣ ይሄ ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ትምህርት ነው፤ ስንት ዓመት ሲገዙ የኖሩ ሰው ግን አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። እኔም ሳልነግራቸው በጋዜጣ ስጠቀልል ኖሬያለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ኮንዶም የማይሸፍነው ነገርም አለ። ብልት ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል የሚያወጣው ኸርፐስ፣ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ፣ የቂጥኝ ቁስልም ቢሆን ኮንዶሙ ከማይደርስበት ቆዳ ሊተላለፉ ይችላሉ። መተላለፋቸውን ይቀንሳል እንጂ አያስቀረውም። ለኤች ፒ ቪ ክትባት አለ፤ አገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ትምህርት ቤት ላይ ክትባቱ ሲመጣ እንዳትከለክሉ።

ሁለተኛው ነጥብዎ፣ ኤች አይ ቪ አያስፈራም የሚለው፣ ልጅነቴን አስታወሰኝ። ያደግኩት ደሴ ሮቢት ነው። የቅሬያችን (የእድራችን) ድንኳን በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ሲተከል አይቻለሁ። ሟቹ ወጣት ነው፣ ሟቿ ወጣት ናት፤ “ምን ሆኖ ነው?” ሲባል ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከዚያ በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ድንኳኑ እየራቀ መጣ። ስለዚህ መድኃኒት አለ ያሉት እውነት ነው፣ ደስም የሚል እውነት ነው። እንዲያውም ልጨምርልዎት፤ መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ከእነዚህ ወገኖች ጋር መኖር፣ መጋባት፣ መውለድ ይቻላል።

ግን መድኃኒቱ የሚሠራው ተመርምሮ ራሱን ላወቀና በየቀኑ ለሚውጥ ሰው ነው። ዕድሜ ልክ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ጤና ተቋማት ተዘርፈው ነበር። ያኔ የዕለት ኪኒናቸው አልቆባቸው ከቤት ቤት ሲጠይቁ የነበሩ ሰዎች ፊታቸው አሁንም ይታየኛል። “መድኃኒት አለው” ብሎ በቀላሉ የሚናገር ሰው ያን ጊዜ እዚህ አልነበረም እላለሁ። በሽታውም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት 0.9 በመቶ ቫይረሱ በደማቸው ነበር፤ ገጠር 0.4፣ ከተማ ግን 2.9 በመቶ። እኛ ደግሞ ከተማ ነን፣ ያውም የጭነት መኪና የሚያድርበት፣ ፋብሪካ ያለበት፣ መንገድ ላይ የተቀመጠ ከተማ።

አንድ ነገር እዚህ ጣል ላድርግ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። ኮንዶም ቢቀደድ ወይም አንዲት ሴት ብትደፈር በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከተደረሰ ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚከላከል መድኃኒት አለ። ለ28 ቀን ይወሰዳል። ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ አራተኛው ቀን ላይ ከመጡ አልፏል። እባካችሁ በሀፍረት ቤት አትቀመጡ።

ወደ ካፕሱሉ ልሂድ። ስለዚህ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም የሚጠየቀው እዚህ ባንኮኒ ላይ ነው። ወጣቱ ይመጣና “ለጓደኛዬ ነው፣ ሽንቱን ያቃጥለዋል” ይላል። ትልቁ ሰው ይመጡና “ብርድ ነው፤ ጨረቃ ላይ ሸንቼ ነው” ይላሉ። ጨብጥ ከጨረቃ አይመጣም። ከሰው ነው የሚመጣው፣ በግንኙነት። የሚጠይቁት ካፕሱል ደግሞ ድሮ ይሠራ የነበረ ነው። የጨብጥ ተሕዋስ ብዙዎቹን የድሮ መድኃኒቶች ተላምዷቸዋል። ካፕሱሉ አንዳንዴ ፈሳሹን ቀነስ ያደርገዋል፤ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ይሄዳል፣ በሽታው ውስጥ ይቀራል።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሚስትየዋ ናት። ወንድ ላይ ጨብጥ ብዙ ጊዜ ይታያል። ሴት ላይ ግን ግማሽ ያህሉ ምንም ምልክት የላቸውም። ክላሚዲያ የሚባለው፣ እንደ ጨብጥ በግንኙነት የሚተላለፈው በሽታ ደግሞ ከዚያም ዝምተኛ ነው። አይታመሙም፣ አያሳክክም፣ አይፈስም፤ ውስጥ ውስጡን ወደ ማህፀን ቱቦ ይወጣል። ቱቦው ጠባሳ ይዞ ይዘጋል። ከዓመታት በኋላ ልጅ እንቢ ይላል፣ ወይም ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ይቀመጥና ለሞት የሚያደርስ ደም መፍሰስ ያመጣል። በእኛ አገር ልጅ ያልወለደች ሴት ምን እንደሚደርስባት እርስዎም ያውቃሉ። ጠበል፣ ዱአ፣ ወዳጃ ስትዞር ትኖራለች። “መካን ናት” ይባልላታል። ከዓመታት በፊት ባሏ “ለጓደኛዬ ነው” ብሎ ካፕሱል የገዛበትን ቀን ማንም አያነሳባትም።

አንድ ደንበኛ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ ዓይነት ሕመም መጣብኝ። በሦስተኛው “ባለቤትህስ ታክማለች?” አልኩት። ዝም አለ። እሱ ሲድን ከእሷ መልሶ ይይዘዋል፤ ሁለቱ አብረው ካልታከሙ ማለቂያ የለውም። ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ አስረዳሁት። ይዟት ሄደ። ይህን ለማለት ድፍረት ያገኘሁት ሦስተኛው ጊዜ ላይ መሆኑ አሁንም ይቆጨኛል።

ቂጥኝን ቀላል ማለትዎ ደግሞ ልክ አይደለም። ከግንኙነቱ በኋላ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ የማያም ቁስል ይወጣል። ስለማያም ሰው ይንቀዋል። ሳይታከምም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራሱ ይደርቃል፤ ሰውየው ተመስገን ይላል። በሽታው ግን ደም ውስጥ ገብቷል። ከዓመታት በኋላ ልብንና አንጎልን ሊያገኝ ይችላል፣ በእርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ ልጁ ሞቶ ሊወለድ ይችላል። በጊዜው ከተገኘ ግን ፔኒሲሊን መርፌ ያድነዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት አባቶች ለዚህ የተናገሩት ይመስለኛል። በተጨማሪ ብልት ላይ ቁስል ያለበት ሰው ኤች አይ ቪ በቀላሉ ይይዘዋል፣ ከያዘውም በቀላሉ ያስተላልፋል። አንዱ ለሌላው በር ይከፍታል።

ትዳር ያለው አይመለከተውም ላሉት ብዙ አልልም። መታቀብ ይሠራል፣ አንድ ለአንድ መወሰንም ይሠራል፤ ሼሆቹም ቀሳውስቱም ይህን ማስተማራቸውን አከብራለሁ፣ እኔም ለልጆቼ የምመኘው ነው። ግን መወሰን ሁለቱም ሲወስኑ ነው። አንዷ ቤቷን ዘግታ ጨዋ ሆና ተቀምጣ በሽታው በባሏ በኩል ሊገባባት ይችላል፤ ጨዋነቷ አልከለለላትም። ሰውን በመልኩ፣ በልብሱ፣ በጸሎቱ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ከጋብቻ በፊት አብሮ መመርመር ጥሩ ነው። ብዙ ቦታ የሃይማኖት አባቶችም የምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ። አንድ ቀን የተገኘ ወረቀት ብቻውን አይበቃም እንጂ። ቫይረሱ በምርመራ እስኪታይ እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ስለሚችል ከሦስት ወር በኋላ መድገም፣ እስከዚያ ኮንዶም መጠቀም። እርጉዝ ከሆናችሁም ክትትል ጀምሩ፤ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ እዚያ ይመረመራሉ፣ ለልጁም ይተርፋል።

ኮንዶም ማደል ዝሙትን መጥራት ነው ያሉት ላይ ግን ቆም ልበል።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ኮምቦልቻ ስንት ልጃገረድ እንደመጣ ያዩ ይመስለኛል። ከቃሉ ገጠር፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦ ይመጣሉ። 18፣ 19 ዓመታቸው ነው። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። እናታቸው ስለ ወር አበባ እንኳ አልነገረቻቸውም። እነዚህን ልጆች ወደ ግንኙነት የሚጠራቸው የእኔ መደርደሪያ ላይ ያለው ሣጥን አይደለም። የደመወዝ ማነስ አለ፣ ብቸኝነት አለ፣ “አገባሻለሁ” የሚል ቃል አለ፣ ፍቅርም አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶችን አይቶ፣ ስለ ወሲብ ጤና መማር ወጣቶችን ቶሎ እንዲጀምሩ እንደማያደርጋቸው ጽፏል። እኔ ከባንኮኒ ኋላ ያየሁትም ይኸው ነው። ያወቀችው ልጅ ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች፣ ቆይ ትላለች። ያላወቀችው ዝም ትላለች።

አንድ ማታ ከእነዚህ ልጆች አንዷ ገባች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ነበር። ከኋላዋ ሁለት ወንዶች ቆመዋል። በጣቷ ጠቆመችኝ፣ ገባኝ፣ ላነሳላት ዞርኩ። ከኋላ የቆመው አንዱ ሳቀና “ዛሬማ ሥራ አለ!” አለ። ስዞር የለችም። ሮጬ ወጣሁ፤ ሄዳለች፣ አልደረስኩባትም። ተመልሳ አላየኋትም። የዚያን ሰውዬ ሳቅና የእርስዎን ጽሑፍ የማነጻጽረው ለማስቀየም አይደለም። ግን የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ሁለቱም ያቺን ልጅ ባዶ እጇን ይመልሷታል።

በነገራችን ላይ ወንድ ኮንዶም ሲይዝ ጠንቃቃ፣ ሴት ስትይዝ ባለጌ የምንለው ነገር ይቅርብን። በሽታው ሲመጣ ቶሎ የሚጎዳው የሷን አካል ነው።

መተማመን ላይ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ምክንያቱም ብዙ ልጆች የሚጠመዱበት ነው። “ካመንሽኝ ለምን?” ይላታል፣ እሷም ፍቅሩን እንዳታጣ ትተወዋለች። አንዲት ደንበኛዬ ምን እንደምትመልስለት ጠይቃኝ አብረን ቃል ፈልገን ነበር። “እወድሃለሁ፤ ለዚህ ነው እንዳልጎዳህም እንዳትጎዳኝም የምፈልገው። አብረን እንመርመር፣ ሦስት ወር ጠብቀን እንድገም፣ ከዚያ እንነጋገራለን።” ተቆጣ አለችኝ መጀመሪያ። በሳምንቱ ግን አብረው መጡና የት እንደሚመረመሩ ጠየቁኝ። እንዲያውም የጠየቀኝ እሱ ነው።

ሾፌሩ ሐሙስ ማታ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሙ። ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም፤ ቀዳዳውን፣ ዳሽቦርዱንና የቫዝሊኑን ነገር ነግሬያቸዋለሁ። ባለቤታቸውን ይዘው ደሴ ለመመርመርም አሰቡ። ሊወጡ ሲሉ ዞረው “እህቴ፣ ይሄን ጽሑፍ እኮ ሚሌ ላይ ሁሉም ሾፌር ስልኩ ላይ አለው። ረዳቶቹ ሁሉ አንብበውታል። መልሱን ጻፊውና እኔ በዚያው ልላክላቸው” አሉኝ። በሚቀጥለው ጉዟቸው ነገ ማለዳ 11 ሰዓት ላይ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በፊት እንዲደርሳቸው ብዬ ነው አሁን በሌሊት የምጽፈው። ኮንዶማቸውን ዛሬ ከሻንጣቸው ጥግ፣ ከሸሚዛቸው ሥር አስቀምጠውታል። ለረዳታቸውም አንድ ፓኮ ገዝተዋል፤ ስሙን ጠርተው ነው የገዙት።